በቀይ እርሳስ የተሰመረ ባሕር

"ይፈርሙበት፣ ወይዘሪት ቩኬሊች" አሉ የመርከቦቹ አዛዥ ኮሞዶር ኒክሻ ካራማን። ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው፣ ክዳኑን ራሳቸው ከፍተው ወረቀቱ ላይ አጋደሙላት። ሲታዩ ውለታ የሚውሉላት ይመስሉ ነበር።

ቶንካ ብዕሩን አልነካችውም። ወረቀቱን ግን ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ሰኞ ዕለት ለመርከቦች በተላከው የማዕበል ካርታ ላይ ማስጠንቀቂያ አለመጻፌን አምናለሁ" ይላል። ከሥሩ ስሟ ቀድሞ ታትሞ ይጠብቃታል፤ ቶንካ ቩኬሊች፣ የባሕር ትንበያ ባለሙያ።

እስቲ ይታያችሁ! አራት ዓመት ሙሉ ከሁሉም ሰው ቀድማ ቢሮ እየገባች፣ ሳተላይት የላከውን የነፋስና የማዕበል ልክ እየመረመረች፣ በስፕሊት ወደብ ለሚያድሩት የጦር መርከቦች የዕለቱን ባሕር የምትነግራቸው እሷ ናት። አሁን ያላጠፋችውን "አጥፍቻለሁ" በይ ተባለች። ያጠፋውን ሰው ደግሞ ታውቀዋለች። ሁለት ዓመት የወደደችው ሰው ነው፤ የእኚሁ የኮሞዶሩ ልጅ፣ ሰኞ ካርታውን ወደ መርከቦቹ የላከው ተረኛ መኮንን፣ ሌተናንት ሮኮ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳተላይቱ ወደ ባሕሩ የራዳር ጨረር ይልክና ተመልሶ ከሚመጣለት የውሃውን ሸካራነት፣ ከሸካራነቱም የነፋሱን ጉልበት ያውቃል። ወደ የብስ ሲጠጋ ግን የተራራው መልስ ከባሕሩ መልስ ጋር ይደባለቅበታል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከዳርቻው ሃያ ኪሎ ሜትር ያህሉን አያምነውም፤ ካርታው ላይ ነጭ አድርጎ ይተወዋል። ነጩ "አላየሁም" ማለት ነው። መርከበኛ ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚያነበው ሌላ ካርታ ነው። በእሱ ካርታ መርከብን ከሥሩ መሬት የሚያስነካ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ሰማያዊ ይቀባል፤ ጥልቁና የሚታመነው ውሃ ነጭ ነው። ነጭ ሲያይ ደስ ይለዋል። ቶንካ ይህን ስለምታውቅ፣ ማንም ሳያዛት፣ በየማለዳው ነጩን ቦታ በቀይ እርሳስ እያሰመረች "እዚህ አላየንም" ብላ ትጽፍበታለች። ከዚያ ፈርማ ወደ ማዘዣ ክፍሉ ትልከዋለች።

ሰኞ ዕለት ከዚያም በላይ ጽፋለች። "ቬሌቢት ተራራ ሥር ከቀትር በፊት ቡራ ይነሣል። በዳርቻው እንዳታልፉ።" ቡራ ከዚያ ተራራ ላይ ተንደርድሮ ባሕሩ ላይ የሚወድቅ ደረቅ ነፋስ ነው፤ የሚከፋው ደግሞ ሳተላይቱ ማየት በማይችልበት በዚያው ጠባብ ዳርቻ ነው። ካርታው ወደ ማዘዣ ክፍሉ በቀይ ተሰምሮ ወጣ። ወደ መርከቦቹ የወረደው ግን ነጭ ሆኖ ነው። "ኮራል" የተባለችው የጥበቃ ጀልባ ከመሐል ባሕሩ ማዕበል ልትጠለል ወደ ነጩ ገባች፤ ቡራውም አገኛት። ሺሜ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት መርከበኛ ወለሉ ላይ ከማሰሪያዋ በተፈታች ትንሽ የነፍስ አድን ጀልባና በወለሉ ዳር ባለው የብረት አጥር መካከል ተጨፈለቀ። ሐኪሞቹ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

"ማስጠንቀቂያ ጽፌያለሁ" አለች ቶንካ።

"የታለ?"

"ወደዚህ በላክሁት ዋናው ካርታ ላይ።"

"ዋናው ካርታ አልተገኘም።"

"አልተገኘም ወይስ አልተፈለገም?"

ኮሞዶሩ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። "እሺ፣ ጽፈዋል እንበል። ሳተላይቱ ዳርቻውን አያይም እያሉ ቡራው እንደሚነሣ በምን አወቁ?"

"መሐል ባሕር ላይ ያለውን የነፋስ አቅጣጫ ከሳተላይቱ አየሁ። ዳርቻውን ደግሞ አባቴ ተራራው ሥር ካለችው ካርሎባግ ደውሎ ነገረኝ። ቬሌቢት ላይ ደመናው ቆብ ደፍቷል አለኝ። ቆቡ ከተደፋ ቡራው ሩቅ አይደለም።"

"አባትሽ!" "እርስዎ" ማለታቸው እዚያ ላይ ቀረ። "አባትሽ ዓሣ አጥማጅ አይደሉም እንዴ? ከጠፈር የሚመጣ መረጃ እጅሽ ላይ እያለ በዓሣ አጥማጅ ወሬ ነው የጦር መርከብ የምታቆሚው?"

"ያ ዓሣ አጥማጅ የማንንም እግር አላስቆረጠም፣ ኮሞዶር።"

መስኮቱ በነፋሱ ይንኳኳ ነበር። ኮሞዶሩ ተነሥተው መስኮቱን ገፋ አድርገው ዘጉና ጀርባቸውን እንደሰጧት ተናገሩ። ድምፃቸው ለስለስ ብሎ ነበር።

"ስሚኝ ልጄ። ሰኔ ላይ ጡረታ እወጣለሁ። አርባ ዓመት ነው ያገለገልኩት። ነገ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አጣሪ ቡድኑ ከዛግሬብ ይመጣል። ዛሬ ብትፈርሚ ማንም አይነካሽም። ቪስ ደሴት ላይ የባሕር ከፍታ መለኪያ ጣቢያ አለን፤ ጸጥ ያለ ቦታ ነው፣ እዚያ ትሠሪያለሽ። ካልፈረምሽ ግን ነገሩ ምንም የማያውቀውን ሰው ሁሉ ይነካል። ሰኞ ተረኛው መኮንን ልጄ ነበር፤ ሮኮ። አንቺ አታውቂውም፤ ግን ጥሩ ልጅ ነው።"

አታውቂውም! ቶንካ ወንበሩን ገፍታ ተነሣች። ስንት ነገር አፏ ላይ መጣ፤ አንገቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ፣ ሲተኛ እጁን ከትራሱ ሥር የሚከትበትን፣ ሲደነግጥ መንተባተቡን። ሁሉንም ዋጠችው።

"ልክ ነዎት" አለች። "አላውቀውም።"

ብዕሩን እንደተጋደመ ትታው ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ያቃጠላት የተሰደበችው ስድብ አልነበረም። ሰውየው እውነቱን ነበር የተናገሩት፤ በእሳቸው ዓለም ውስጥ እሷ ልጃቸውን የማታውቅ ሴት ናት።

ቫሮሽ ሠፈር፣ የተከራየችበት ቤት በር ላይ ስትደርስ የተጠበሰ ሰርዲን ሽታ ተቀበላት። አከራይዋ ሾራ ፔሪና መጥበሻውን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ፖስታ እያወዛወዙ ወጡ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ የሰው ነገር ውስጥ መግባት ዋና ሥራቸው ነው፤ ይህንንም አይደብቁም።

"ሦስተኛው መጣ" አሉ። "ይሄኛው ወፈር ይላል። ጸጸቱ እየጨመረ ነው መሰለኝ።"

"ይጣሉት።"

"የመጀመሪያውን ቀደድሽው፣ ሁለተኛውን ምድጃዬ ውስጥ ከተትሽው። ይሄን እንኳ እስቲ እንየው።"

"ሾራ ፔሪና፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፣ ይተዉኝ።" ክፍሏ ገብታ በሩን ቆለፈች።

ሴትዮዋ ግን የሚተዉ ዓይነት አልነበሩም። ፖስታው ሲቀደድ ተሰማት፤ ከዚያ የወንበር መጎተት፣ ከዚያ መነጽር ፍለጋ፣ ከዚያ በበሩ ቀዳዳ በኩል ድምፅ።

"'ቶንካዬ' ይላል። መቼም ቶንካዬ ማለት አልረሳም። 'ሁለቱን ደብዳቤ እንዳላነበብሽ አውቃለሁ፤ ብታነቢያቸው ኖሮ መጥተሽ ትሰድቢኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ከሌላ አገር ባሕር ኃይል በመጡ እንግዶች ተሞልቶ ነበር። አባቴ ካርታሽን አየና፣ በእንግዳ ፊት የልጅ ሥዕል አትዘርጋብኝ፣ ንጹሑን አምጣ አለኝ። ንጹሑን ከኮምፒውተሩ አውጥቼ ላክሁት። የጻፍሽው ሁሉ በእርሳስ ስለነበር አብሮ ቀረ።' ... ቆይ፣ ገጹን ልገልብጥ።"

ቶንካ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ቆመች። እጆቿን ጨብጣለች።

"'ቀዩን ሳየው ከበደኝ። ነጩ ውሃ ላይ ለምን ታሰምራለች ብዬ አሰብኩ። ልጠይቅሽ ስልኩን አነሣሁት። እናቴ ለእንግዶቹ አቀባበል መጥታ አጠገቤ ቆማ ነበር። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። ለምን እንዳስቀመጥኩት አንቺ ታውቂያለሽ። ዛሬ ከቀኑ አስር ሰዓት ማቴዩሽካ፣ ጀልባዎቹ ጋ እጠብቅሻለሁ። ብትመጪም ባትመጪም እጠብቃለሁ።' አለቀ።" ሾራ ፔሪና መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ ግን አልገባኝም። ስልኩን ለምን መለሰው?"

ቶንካ በሩን ከፈተች። ፊቷ ቀልቶ ነበር።

"ከእኔ ጋር ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። ራሱ ነው የነገረኝ፤ 'ደብቄው ደብቄው ድምፄ ያጋልጠኛል' ብሎ ስቆ ነው የነገረኝ። እናቱ ሰምታ የዓሣ አጥማጅ ልጅ እንደያዘ እንዳታውቅበት ነው ያስቀመጠው። ገባዎት አሁን? ሰው እግሩን ያጣው ለዚህ ነው!"

ታኅሣሥ ላይ፣ የመርከበኞቹ ጠባቂ የቅዱስ ኒኮላ በዓል ሲከበር የሆነውን አስታወሰች። ያ ሁሉ ሕዝብ በተሰበሰበበት አዳራሽ ሮኮ ከእናቱ ጋር መጣና ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሞ "ይቺ ከትንበያ ክፍል ናት" አላቸው። ስሟን እንኳ አልጠራም። እናቱ ጓንታቸውን ሳያወልቁ እጃቸውን ሰጧት። ማታ ሲገናኙ "ጊዜ ስጪኝ" ብሎ ጉልበቷ ላይ ተደፋ። ሰጠችው። አሁን ስታስበው የሰጠችው ጊዜ ሁሉ እንዳለ ሺሜ እግር ላይ ያረፈ መሰላት።

ሾራ ፔሪና ደብዳቤውን አጥፈው እጇ ላይ አስቀመጡላት።

"ደብዳቤውን ተይው። ሦስት ቀን ሙሉ ምድጃዬን አስቸገርሽው። ሂጂና ራሱን አቃጥዪው።"

ቶንካ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ በመሳቋ በራሷ ተናደደች።

የዓሣ አጥማጆቹ ትንሽ ወደብ ማቴዩሽካ ላይ ጀልባዎቹ በቡራው እየተላተሙ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ገመዳቸውን አጥብቀው ወደየቤታቸው ገብተዋል። ሮኮ ብቻ፣ የደንብ ልብሱን አውልቆ ተራ ካፖርት ለብሶ፣ ረጅም የካርታ ማኅደር በክንዱ ሥር ይዞ ድንጋዩ ላይ ቆሟል። ስትመጣ አያት። መጀመሪያ ግን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተመለከተ፤ ከዚያ እሷን። ሁለት ዓመት እንዲህ ነበር የሚያያት። እስከ ዛሬ ለእሷ ሲል የሚጠነቀቅ ይመስላት ነበር።

"ማንም የለም፣ አትፍራ" አለችው። "ብርዱ ሰዉን ሁሉ አስገብቶልሃል።"

"ቶንካ..."

"ሺሜን ጠይቀኸዋል?"

"ትናንት ሄጄ ነበር።"

"ምን አለህ?"

ሮኮ ከንፈሩን ነከሰ። "'ካርታው ላይ ነጭ ሲሆን ደስ ብሎን ነበር' አለኝ። 'የምንጠለልበት ያገኘን መስሎን እየዘፈንን ነው የገባነው።' ከዚያ እግሩን የሚያሳክከው መሰለኝ፣ እጁን ሰደደ። እግሩ ግን የለም።"

ነፋሱ ዓይኗን አስነባት፤ በመዳፏ ጠረገችው፤ እንባ እንዳይመስለው ፈርታ ነው።

ሮኮ ማኅደሩን ዘረጋላት። "ዋናው ካርታ ይኸውልሽ። አባቴ 'አስወግደው' ብሎኝ ነበር፤ አላስወገድኩትም። ቀይ እርሳስሽም፣ ጽሑፍሽም፣ ፊርማሽም አለበት። ውሰጂው። ነገ ብታቀርቢው ነጻ ትወጫለሽ። አባቴ ይወድቃል፤ እኔም አብሬው። ባታቀርቢውም አልፈርድብሽም። አንቺ የወሰንሽውን እቀበላለሁ። ሕይወቴን በእጅሽ ሰጥቼሻለሁ።"

ይህን ያለው ከልቡ ነበር፤ ትልቅ መሥዋዕትነት እንደሆነም አምኖበታል። ቶንካ ማኅደሩን አየች፤ ከዚያ እሱን አየች። ንዴቷ ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ ወጣ።

"በእጄ?" አለች። "ጥፋቱን አንተ ታጠፋና ፍርዱን ለእኔ ታሸክመኛለህ? አባትህን እኔ ልጣልልህ? እናትህ ዕድሜ ልኳን 'ያቺ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ቤታችንን አፈረሰችው' እንድትል? አንተስ? ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ስንጣላ 'አባቴን የጣልሽው አንቺ ነሽ' ልትለኝ? አይ ሮኮ! ይቺን ይቺንማ አውቃታለሁ።"

"እንደዚያ አላሰብኩትም።"

"ያላሰብከው ስለማትፈልግ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ ፍቅራችንን እኔ ተሸከምኩት። እኔ ተደበቅሁ፣ እኔ በጓሮ ገባሁ፣ ኮሪደር ላይ ስታልፈኝ እኔ አንገቴን ደፋሁ። አሁን ደግሞ ጥፋትህንም ልሸከምልህ?"

"ነጩ ጥልቅ ውሃ መስሎኝ ነው፣ ቶንካ። እምልልሻለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ባሕር ላይ ነኝ፤ ነጭ ሁልጊዜ ለእኔ..."

"እሱን አምንሃለሁ። መርከበኛ ነህ፤ ነጭ አይተህ ልብህ አረፈ። ማንኛውም መርከበኛ እንደዚያው ነው፤ ለዚያ አይደል እንዴ የማሰምረው? እኔን ያቃጠለኝ ካርታው አይደለም። ስልኩ ነው!" አንድ እርምጃ ተጠጋችው። "ስልኩ እጅህ ውስጥ ነበር። 'ቶንካ፣ ይሄ ቀይ ምንድነው?' ስንት ሰከንድ ይፈጃል? እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቡራው እንዳይቀድመን ሰዓት እያየሁ ነበር። እኔን ማወቅህ እንዳይታወቅብህ ብለህ ስልኩን ዘጋህ፤ ስምንት ሰው ይዛ ጀልባዋ ሄደች።"

ሮኮ ማኅደሩን እንደያዘ ፊቱን በአንድ እጁ ሸፈነ። ቶንካ ስታየው እጇ ወደ ፀጉሩ ሊሄድ ነበር፤ መልሳ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

"ጠልተሽኛል?" አላት ቀና ሳይል።

"ብጠላህማ ምን ነበረበት! ፈርሜላቸው ቪስ ሄጄ እተኛ ነበር። እወድሃለሁ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ሌላ ሰው ስልኩን ቢዘጋው እንዲህ አያመኝም ነበር።"

ማኅደሩን በጣቷ ወደ ደረቱ ገፋችው።

"ካርታውን እኔ አልወስድም። ማስረጃ የለኝም እላለሁ፤ አልጻፍሽም ካሉኝ ጽፌያለሁ እላለሁ፤ ካባረሩኝ እባረራለሁ። አንተ ግን የምታደርገውን ራስህ አድርገው። በእኔ እጅ አታድርገው።"

ዞራ ሄደች። "ቶንካ!" ብሎ ጮኸ፤ ጀልባዎቹ ድረስ ተሰማ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ሜዳ ላይ ሲጮህ ሰማችው፤ ማንም ግን አልነበረም፤ ማንም በሌለበት መጮኹ ይበልጥ አንገበገባት።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። የአጣሪ ቡድኑ ሰብሳቢ ወይዘሮ ዶራ ፔሪሽ የሚባሉ፣ ሽበታቸውን አጭር የተቆረጡ የሕግ ሰው ናቸው። በስተግራቸው ጸሐፊዋ ተቀምጣለች። ነጭ የሆነው ካርታ ግድግዳው ላይ በትልቁ በርቷል። ከታች የቶንካ ስም ይነበባል።

ሮኮ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ነበር፤ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ። ቶንካ እንደገባች ያየችው እጁን ነው። ባዶ ነው። ማኅደሩ ከወንበሩ ሥርም የለም፣ ጠረጴዛው ላይም የለም። አቃጥሎታል ማለት ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያመጣዋል ብላ ምን ያህል ተስፋ አድርጋ እንደነበር አላወቀችም።

"ይህ ካርታ ከእርስዎ ክፍል የወጣ ነው?" ጠየቁ ሰብሳቢዋ።

"ከእኔ ኮምፒውተር ነው፤ የእኔ ካርታ ግን አይደለም። የእኔ በቀይ እርሳስ ተሰምሮበት ነበር። ማስጠንቀቂያም ጽፌበት ነበር።"

"ማስረጃ አለዎት?"

"የለኝም።"

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ኮሞዶሩ ቀስ ብለው ተነሡ። "ክብርት ሰብሳቢ፣ ወይዘሪቷ ትጉ ሠራተኛ ናት። ወጣት ናት፤ ሥራ በዝቶባት ዘንግታዋለች። እኛም ልናከብድባት አንፈልግም። ለነገሩ ትንበያዋን ከዓሣ አጥማጅ አባቷ ጋር በስልክ እንደምታዘጋጅ ራሷ ነግራኛለች።"

ሳቅ ተሰማ። ብዙ አልነበረም፤ ግን ሳቅ ነበር። የቶንካ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። አባቷ በዚያን ሰዓት መረቡን ዘርግቶ ይጠግን ይሆናል፤ እዚህ ደግሞ ቡራ ሲወርድ ትንሽ ጀልባ ላይ ሆነው አይተው የማያውቁ ሰዎች ይሥቁበታል።

"የሚያሥቀው የቱ ነው?" አለች ዞራ፣ ሳይፈቀድላት። "ሳተላይቱ የማያየውን አባቴ አየ። አባቴ የማያየውን ሳተላይቱ አየ። ሁለቱን ገጥሜ ጻፍኩላችሁ። ሥራዬ ይሄ ነው። ሺሜ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እዚያ ሄዳችሁ ሣቁ!"

"ወይዘሪት ቩኬሊች፣ ይቀመጡ" አሉ ሰብሳቢዋ፣ ሳይቆጡ። "ሌላ የሚናገር አለ?"

ሮኮ ተነሣ።

"ተቀመጥ" አሉት አባቱ በዝቅታ።

"አልቀመጥም፣ አባዬ።" ድምፁ ይንተባተብ ነበር። "ክ-ክብርት ሰብሳቢ፣ ዋናው ካርታ አለ። ዛሬ ጠዋት በሁለት ሰዓት መዝገብ ቤት በስሜ አስመዝግቤ አስገብቼዋለሁ። ቁጥሩን ጸሐፊዋ ታውቀዋለች።"

ጸሐፊዋ ከአጠገቧ የታሸገ ማኅደር አንሥታ አቀበለች። ሰብሳቢዋ ካርታውን አውጥተው ዘረጉት። ቀዩ መስመር ከአዳራሹ ጫፍ ሁሉ ይታይ ነበር። ከታች "በዳርቻው እንዳታልፉ" ይላል። አሁን የሣቀ የለም።

ሮኮ ሁሉንም ተናገረ። አባቱ ንጹሑን አምጣ ማለታቸውን፣ እሱ መላኩን፣ ኋላም አስወግደው መባሉን። ኮሞዶሩ ጠረጴዛውን እያዩ ሰሙት። አላቋረጡትም፤ አርባ ዓመታቸው በልጃቸው አፍ ሲያልቅ ምን ብለው ያቋርጡታል?

"አንድ ነገር አልገባኝም" አሉ ሰብሳቢዋ። "ቀዩ መስመር አጠራጥሮኝ ነበር ብለዋል። ትንበያ ክፍሉ አንድ ፎቅ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ስልክም አለ። ለምን አልጠየቁም?"

እዚህ ላይ "ሥራ በዝቶብኝ" ቢል ማንም አይከሰውም ነበር። ሮኮ ግራና ቀኝ አላየም፤ ፊቱን ወደ ቶንካ አዞረ።

"ስልኩን አንሥቼ ነበር። ያስቀመጥኩት አፍሬ ነው" አለ። "ይህችን ሴት ሁለት ዓመት ወድጃታለሁ። ቤተሰቤ እንዳያውቅ ደብቄያታለሁ። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ስለሆነ። እናቴ አጠገቤ ስለነበረች ድምፄ እንዳይታወቅብኝ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሺሜን እግሩን ያሳጣሁት በዚህ ነው።"

አዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሣ። ኮሞዶሩ ቀና ብለው ቶንካን ተመለከቷት፤ ከዚያ ልጃቸውን፤ ከዚያ መልሰው እሷን። "አላውቅም ነበር" አሉ፤ ለማን እንደሆነ ግን አልታወቀም። እርጅናቸው ያኔ ታየ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው አበሱት። "ወይዘሪት ቩኬሊች፣ ሌተናንቱ የተናገረው በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ማረጋገጥ አለብዎት። ይህ ካርታ የእርስዎ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"ግንኙነታችሁስ? ሁለት ዓመት ብሏል።"

ቶንካ ተነሣች። የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

"ሁለቱን ዓመት አላረጋግጥም" አለች።

የሮኮ ፊት አመድ ሆነ። ጸሐፊዋ ብዕሯን እንዳነሣች ቀረች።

"በዚያ ሁለት ዓመት እዚህ ሕንፃ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም። አሁን ቆሞ የተናገረውን ሰውዬ ግን አውቀዋለሁ። ከዛሬ ጠዋት ብላችሁ ጻፉት።"

ጸሐፊዋ ሰብሳቢዋን አየች። ሰብሳቢዋ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

"ሰዓቱንም ልጻፍ?" አለች ጸሐፊዋ።

"ጻፊው" አለች ቶንካ።

ጸሐፊዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይታ ጻፈች፤ አራት ሰዓት ከአርባ። ቶንካ ተቀመጠች። ንዴቷ ገና አልበረደላትም ነበር። ግን ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማልቀስ አማራት፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ ፊቷን ሳትሸፍን አለቀሰች።